ገመዱ እስከሚደርስበት

"ፍቺያት እንጂ፤ ሰው እያየን ነው" አለ ባል፣ ሻንጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ።

"መንገዱን እንሻገርና።"

መንገዱን ተሻገሩ። አልፈታቻትም። ጉንጯ ከሷ ቀድሞ ስለሚደርስ ድንቡሼ የሚሏት የሦስት ዓመት ልጃቸው ወገቧ ላይ በታሰረ ሰማያዊ ገመድ ከእናቷ ቀበቶ ጋር ተያይዛ ኩስ ኩስ ትላለች። አንድ ጫማ ጠጋኝ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ሁለት ተማሪዎች ተጠቃቀሱ። እናት ይህን ሁሉ አይታለች፤ ግድ አልሰጣትም። እሷን ያስጨነቃት መኪናው፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ ከመንገዱ ዳር የቆመው የዝናብ ውሃ ነበር።

አምስት ወር ሙሉ የኖሩት የጭነት ጀልባቸው ላይ ነው። ከወንዝ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ሐይቅ እያሉ ሲሚንቶ አድርሰው እህል ጭነው ተመልሰዋል። እሱ መሪውን ሲይዝ እሷ ታበስላለች፤ እሱ ሲተኛ እሷ መሪውን ትይዛለች። ያለ እሷ ጀልባው አይሄድም። ልጃቸውን ደግሞ ልጅ ያለው የጀልባ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከነቃችበት እስክትተኛ በገመድ ያስሯታል። የገመዱ ርዝመት የተለካ ነው፤ ከምሰሶው ተነስቶ ወደ ጠርዙ አንድ ክንድ ሲቀረው ያልቃል።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ግን ሳትታሰር ቀረች። ጀልባቸው ጀልባዎችን የሚያሳልፈው የቦዩ በር እስኪከፈት ተራ ይዞ ቆሟል፤ ባል ከታች ተኝቷል። እናት የልጅቷን ልብስ ልትቀይር ገመዱን ፈታች፣ ቀየረችላት፣ ከዚያ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ጣላት። የነቃችው በጩኸት ነው። ከኋላቸው የቆመ ጀልባ ላይ የነበረ አንድ ሰውዬ ድንቡሼን በፀጉሯ ይዞ ከውሃው እያወጣት ነበር። ልጅቷ አሳላት፣ አስመለሳት፣ አለቀሰች፣ ተረፈች። እናት ደረቅ ልብስ አልብሳት ለባሏ ትንፍሽ ሳትል ቀረች። ብትናገር ልጅቷ አያቷ ዘንድ ትቀራለች፤ እሷ ደግሞ ያለ ልጇ አንድ ቀን መዋል የምትችል አልመሰላትም። ይኸው ሁለት ወር በሆዷ ይዛዋለች፤ ቋጠሮውንም በቀን ሃምሳ ጊዜ ትነካካለች።

አማቷ በሩን ከፍተው ሊስሙ ሲጎነበሱ ገመዱን አዩት።

"ምን ጉድ ነው? የልጅ ልጄን እንደ ጥጃ እየጎተታችሁ አመጣችሁልኝ?"

"እማዬ፣ ጀልባ ላይ ሁሉም እንደዚህ ነው" ሳቀ ልጃቸው።

"እና ይኼ ጀልባ ነው? ቤቴ ሲንሳፈፍ አይተሃል?"

ገና ወንበር ሳይዙ ሴትዮዋ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። "የመዋዕለ ሕፃናቱ ምዝገባ ነገ ያበቃል። ትምህርት ቤቱ እዚችው ጥግ ላይ ነው። እናንተ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ ጀልባችሁ ትመለሳላችሁ አይደል? እሷን ለእኔ ተዉልኝ። አንተን የመሰለ ቀውስ ያሳደግኩ ሴት እሷ ታቅተኛለች?"

ባል ወደ ሚስቱ ዞረ። "እሷ ያለችው ይሁን።"

"ያለ እኔ አትተኛም" አለች ሚስት ፈጠን ብላ። "ደግሞ እዚያ ምንም አትሆንም። ታስራ ነው የምትውለው።" ይህን ስትል ቋጠሮውን ነካካች።

ባል ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እሷ ልጅቷን መኝታ ክፍል ወስዳ ገመዱን የአልጋው እግር ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

"እማማ፣ እንዳይፈቷት፤ እሺ?"

"እሺ እሺ፤ ሂጂና ታጠቢ። ዓሣ ዓሣ ሸተሽኛል።"

ፀጉሯን በሳሙና እያሸች ሳለ የልጅቷ ወሬ ተቋረጠ። ድንቡሼ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው። ቧንቧውን ዘጋች፤ አሁንም ዝም። ፎጣ ተጠቅልላ ስትወጣ ገመዱ ባዶውን አልጋው ሥር ተጥሏል። ክው አለች። መኝታ ክፍሉን ከሳሎኑ የሚለየውን መጋረጃ ገልጣ ማየት እንኳ አልመጣላትም፤ በጓሮ በር ሮጠች፣ ጓሮ የቆመውን የውሃ በርሜል ክዳን ወረወረች፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ከታ ታቹን ዳሰሰች። ምንም የለም። እንደገና ዳሰሰች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?" አሉ አማቷ ከውስጥ። "ፈታኋት እኮ! ሳሎን ናት!"

ድንቡሼ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። አያቷ የገዙላት አሻንጉሊት ከፊት ለፊቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ ሁለት እጆቿን ወደ አሻንጉሊቷ ዘርግታለች፤ እግሯ ግን አይነቃነቅም።

"ሂጂ ውሰጃታ የእኔ እናት" አሉ አያት።

"አልደርስም" አለች ድንቡሼ። "ገመዱ አለቀ።"

አያት ሳቁ። ከዚያ ባዶውን ወገቧን፣ ተሰልፈው የቆሙትን ትንንሽ እግሮቿን አዩና ሳቃቸው ቆመ። ከአልጋው እግር እስከ ቆመችበት ያለው ርቀት በትክክል ያ ገመድ የሚደርስበት ነበር።

እናት ከእጇ ውሃ እየተንጠባጠበ መጋረጃው ሥር ቆመች። አፈረች። ከማፈሯም በላይ ፈራች። በርሜሉ ውስጥ እጇን ስትከት ምን ልትጨብጥ እንደጠበቀች ገና አሁን ገባት።

ባል ዳቦውን ይዞ ገባ። "ምነው? ምን ሆናችሁ?"

"ቁጭ በል።"

አልተቀመጠም።

"የቦዩ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ አንተ ተኝተህ ሳለ ልጃችን ውሃ ውስጥ ወድቃ ነበር" አለች። "ፈትቻት እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኋላችን የነበረ ሰውዬ ነው ያወጣልኝ። እሱ ባይኖር..."

አማት ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ባል ልጅቷን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዳቦውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትወስዱብኝ ፈርቼ።"

የሚቆጣ መስሏት ጠበቀች። እሱ ግን ዳቦውን መሬት አስቀምጦ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለ። እሷም ግንባሯ ላይ የወረደውን ሳሙና በክንዷ ጠርጋ ወደ አማቷ ዞረች።

"እማማ፣ የነገው ምዝገባ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው?"