የነጭ ሽንኩርት ዋጋ

የመካነ ሰላም ገበያተኛ የዝናሽን ነጭ ሽንኩርት ሲያይ «አቤት ማማሩ!» ይላል፤ ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ «ወይ ጉድ!» ብሎ ያልፋል።

ዝናሽ ሞኝ እንዳትመስላችሁ። ሃያ ዓመት ገበያ የዋለች ሴት ዋጋ ሲቆለል ገዢ እንደሚሸሽ ይጠፋታል እንዴ! እንዲሸሽላት ነው እንጂ። ቶሎ ሸጣ ከጨረሰች ምን ብላ ትቀመጣለች? ደሳለው ጨው ጭኖ ከአቀስታ የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው፤ የሚዘረጋውም ፊት ለፊቷ። በልጅነታቸው ሽማግሌ ልኮባት፣ አባቷ እምቢ ብለው ለሌላ ዳሯት። ዛሬ እሷም ባሏን ቀብራለች፣ እሱም ሚስቱን። ባለፈው ገበያ ዕቃውን እየጫነ «ዝናሽ፣ በሚመጣው ገበያ የምነግርሽ ነገር አለኝ» ብሏት ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ በዚህ ዕድሜዋ!

ዛሬ ታዲያ ምን ጉድ መጣ? ገና ሳትዘረጋ ከበቧት። ያንኑ ውድ ዋጋዋን ጠራች፤ ሳይከራከሩ ገዙ። ደንግጣ እጥፍ አደረገችው፤ ይባስ ብለው ተሻሙበት። «እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ?» ብትል ማን ይስማት። ረፋዱ ላይ ጆንያው ባዶውን ቀረ።

ባዶ ጆንያ ታቅፋ ብትቀመጥ «ማንን ትጠብቃለች?» መባሏ ነው። አጠገቧ ቀይ ሽንኩርት ወደምትሸጠው ወደ ኑርጃን ዞረች።

«ኑርጃንዬ፣ ግማሹን ሽጪልኝ።»

«ያ አላህ! በምቸረችርበት ዋጋ ገዝተሽ ምን ልታተርፊ?»

«ቀትርን።»

ኑርጃን እየሳቀች ሰፍራ ሰጠቻት። ዝናሽ ሽንኩርቱን ዘርግታ አንገቷን ወደ አቀስታ መንገድ ስታሰግግ ግን የኑርጃን ሳቅ ጠፋ።

«እህቴ፣ አልሰማሽም እንዴ? የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል። ከአቀስታ አንድም መኪና አልገባ። ነጋዴ በመኪና የሚያመጣው ነጭ ሽንኩርት ቢገባማ ኖሮ ያንቺን ማን ይሻማበት ነበር?»

ዝናሽ ክው አለች። የገበያን ጠባይ አውቃለሁ ባይዋ እሷ፣ ይቺ እንዴት አመለጠቻት! ሽንኩርቷን ያስወደደው መንገድ ነው ለካ ደሳለውን ያስቀረባት። ስልክ ቁጥሩን እንኳ አልያዘችም፤ ምን ብላ ትጠይቀው ነበር? ናፍቆቱ አንገበገባት። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

አንዲት ገዢ ጎንበስ ብላ ሽንኩርቱን አገላበጠች።

«እትዬ፣ ስንት ነው?»

ዝናሽ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል መለሰችላት።

«አንቺ ባልሽው ውሰጂው።»