መንጠቆ የሌለው ዘንግ

«መንጠቆ የለውም አልኩሽ እኮ!» አለ በያጁ፣ ዘንጉን ከነክሩ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ። «ይኸው፣ እዪው። ጫፉ ላይ ያለችው የብሎን ዳዶ ብቻ ናት። በዳዶ የተያዘ ዓሣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወንዝ ወርደሃል ወይስ አልወረድክም?» አለች ሚስቱ።

«ወርጃለሁ።»

«አለቀ!»

«ምኑ ነው ያለቀው? የተሳልነው ዓሣ ላላጠምድ ነው። ይኸው አላጠመድኩም።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የሚስቱ ታላቅ እህት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከወንዙ ዳር አይታው ለእህቷ የነገረችው እሷ ናት። «ዓሣው ባይያዝ አንተ ተይዘሃል» አለች።

«እትዬ፣ እባክዎ በእኛ መካከል አይግቡ።»

«እኔስ ባልገባ ደስ ባለኝ። የልጅቷ ሳል ግን ግድግዳ አልፎ እየገባ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ልጅቷ ትስላለች፤ ደረቅ ሳል ነው፣ ጨረሰ ሲሉት የሚጀምር።

ባለፈው ዓመት ይህችው ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ፣ እናቷ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ «ልጄን አትርፍልኝ እንጂ፣ አባቷ ዳግመኛ ወንዝ ወርዶ ዓሣ አያጠምድም» ብላ ተሳለች። የራሷን ሳይሆን የእሱን ነገር ነበር የሰጠችው። ሆኖም እሱም አጠገቧ ቆሞ «አሜን» ብሏል። ያኔ «ሁለት ዓይኖቹን ይስጥ» ብትልም አሜን ይል ነበር። ልጅቷ ዳነች፤ ዘንጉም ቁምሳጥን ላይ ወጣ።

በያጁ ሳምንቱን ሙሉ ከመከለያ መስታወት ጀርባ እሳት ሲያይ ይውልና የዕረፍት ቀን ዓይኑን ውኃ ላይ ያሳርፍ ነበር። ለማንም ያልነገረው ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ልቡ የሚሄደው ሳይጨርስ ወደተወው የብረት በር ነው። ወንዙ ዳር ተቀምጦ ክሩን ሲጠብቅ ግን ጸሎቱ ሳይጠሩት ይመጣ ነበር። ከስለቱ በኋላ ወንዙን ሲያጣ ጸሎቱንም አጣ። አፉ ይላል፣ ሆዱ ባዶ ነው። ብዙ ወር እንዲህ ከቆየ በኋላ መላ ያገኘ መሰለው። መንጠቆውን ቆርጦ ጣለ፤ በምትኩ ክሩን የምታሰምጥ አንዲት ዳዶ አሰረና ከቅዳሴ መልስ ወረደ። የዚያን ዕለት እንደ ልጅ እያለቀሰ ጸለየ። ዓሦቹ ዳዶዋን እያሸተቱ ያልፋሉ፣ እሱም ያመሰግናል። ከአምላኩ ጋር የታረቀ መሰለው።

ልጅቷ መሳል የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። በትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች።

«አባዬ፣ ወንዙ ሞልቷል?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ውሸታም። ጫማህ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁት።» ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሲያልፍላት፣ «አልቆጣህም እኮ» አለች። «ደግሞ ሂድ። የተሳልኩት እኔ አይደለሁም።»

ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ካህኑ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተሰበረ መነጽራቸውን በክር ያስራሉ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ዳዶዋንም ሳይደብቅ።

«ጎበዝ ነህ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ስትከራከር ጠበቃ አላስፈለገህም» አሉት ፈገግ ብለው። ፊቱን ሲያዩ ግን ፈገግታውን ተዉት። «ስማኝ ልጄ። ስለቱን አጣመሃል፤ ለዚያ ንስሐ አለው። ግን እግዚአብሔር ለአንድ ክር ብሎ ልጅ አያሳምምም። ይህን ለሚስትህ ንገራት።»

«እርስዎ ቢነግሩልኝ አባ። ከእኔ አትሰማም።»

«እሺ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ።»

መንገድ ላይ የካህኑን ቃል ደጋግሞ ለራሱ አለው። ጆሮው ሰማ፣ ሆዱ ግን አልተቀበለም። ሚስቱን ማሳመን ያቃተው እሱ ራሱ ስላላመነ መሆኑ የገባው ያኔ ነው። ከሥራ ቦታው ሳይደርስ ወደ ቤት ተመለሰ፣ ዘንጉን አወረደ፣ ግቢ ውስጥ በብረት መጋዝ ቆራረጠው። ሚስቱ በመስኮት አየችው። ወጥታ ቁርጥራጩን ጠረገች።

ልጅቷ ግን አልተሻላትም። ሐኪሙ መድኃኒት ቀየረላትና «እንጠብቅ» አለ። መጠበቅ ያላወቀችው እትዬ የጸሎት ጓደኞቿን ሰብስባ አመሻሹ ላይ መጣች። ሴቶቹ አልጋውን ከበቡ፤ በያጁ የታጠፈ ብርድ ልብስ ታቅፎ ከኋላቸው ቆመ። ዘመሩ፣ ለመኑ፣ አለቀሱ።

በመካከል እትዬ እጇን አነሣች። «ጸሎታችን ጣሪያውን አላለፈም» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች። «ከመካከላችን ቃሉን ያጠፈ ሰው አለ። እሱ እዚህ እያለ አይወጣም።»

ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። እሱ ግን ሚስቱን አየ። «ዘንጉን ቆራርጦታል፣ እኔው ነኝ የጠረግኩት» እስክትል ጠበቀ። ሚስቱ የልጅቷን እግር በአንሶላ ሸፈነች፣ ከዚያም እንደገና ሸፈነች። ካህኑ ገና አልመጡም። የልጅቷ ዓይን ተከድኗል፤ ደረቷ ከፍ ይላል፣ ይዘገያል፣ ይወርዳል።

እውነት ቢሆንስ? አለ በልቡ። የጸሎታቸው መክደኛ እኔ ብሆንስ?

ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ አኖረ። ከደጃፉ ጫማውን በእጁ አነሣ፤ ኮቴው እንዳይሰማ በባዶ እግሩ ግቢውን አቋረጠ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የጫማውን ክር አሰረ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደ። ውስጥ መዝሙሩ ወደ ሁለተኛው ስንኝ አለፈ፤ ከሴቶቹ አንዷ ጠጋ ብላ እሱ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ቆመች።