ኮርኔል ያመጣው ወንበር

ኮርኔል ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና፣ መንገዱ ላይ ሰፊ ቦታ እያለ መኪናውን ዞሮ ከጓሮ፣ ከዛፉ ሥር ያቆማታል። ጥላ ፈልጌ ነው ይላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጥላ የሚፈልግ ወንድና መደበቂያ የሚፈልግ ወንድ ለይቼ አውቃለሁ።

የእህቴ ልጅ ላቶንያ ከእኔው ጋር ነው የምትኖረው፤ ኮርኔልም የሚመጣው ለእሷ ነው። ሰውነቷ ትልቅ ነው፤ እንደ እናቷ፣ እንደ እኔ። በር ላይ ስትደርስ የሚጨነቀው በሩ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ጥቁር ገላዋ ቅባት ሳይነካው ያበራል። እኛን የሚወድ ወንድ ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ፀሐይ ላይ አብሮን የሚቆም ነው። ሌስተር የሚባል ሰው ቤቴ ውስጥ ንግሥቴ ይለኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን ባርኔጣውን እንኳ አያነሳልኝም።

«ምግብ ቤት ወስዶሽ ያውቃል?» አልኳት።

«ደግሞ ጀመርሽኝ፣ አክስቴ።»

«ሲኒማስ? ቤተ ክርስቲያንስ?»

«እሱ እኮ ስንተኛ መብራት አያጠፋም» አለችኝ፣ ድንቿን እየላጠች። «አጥፋው ብለውም እምቢ ይላል። ልይሽ እንጂ ነው የሚለው። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ወንድ የለም።»

«የመኝታ ቤት መብራት ምን ዋጋ አለው? ከእናንተ ሌላ ማን ያያል?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እሷም ለካ ስታስበው ኖራለች።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ፐርሊን መጣች፤ ወሬ ይዛ ስትመጣ ከአጥር ውጭ ጀምራ ነው የምታወራው። ኮርኔልን ዓሣውን በሚገዛበት ዓሣ ቤት ውስጥ ብቻውን አየሁት አለች። ምንም አይበላም። አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሌላው ላይ ይቀመጣል። ከአስተናጋጇ ጋርም ይሳሳቃል።

«ሴት ቀጥሮ ነዋ» አልኩ። ለላቶንያም አልደበቅኳትም።

እሷም «ነሐሴ ላይ እንጠይቀው» አለች።

ነሐሴ ላይ፣ ከከተማችን ከሜከን ወጥተው የቀሩት ልጆች ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የሚመለሱበት እሁድ አለ። በዚያን ቀን አንድ ወንድ አንዲት ሴት አጠገብ ከተቀመጠ ቃሉን ሰጠ ማለት ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቀውም።

«ከመጣ መጣ» አለች። «ካልመጣ ሐሙስ የሚባል ነገር የለም።»

እመጣለሁ አላት። እሁድ ግን መዝሙሩም ስብከቱም አለቀ፣ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ። ፐርሊን ሦስቴ ዞራ አየችን። እኔም አየኋት፣ አንገቷን እስክትመልስ።

ከስብከት በኋላ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ምሳ ይበላል። ላቶንያ ሳህኗን እንደያዘች ቆማለች፣ አትቀመጥም። ያን ጊዜ የኮርኔል መኪና በዋናው በር ገባች። ከኋላዋ አረንጓዴ የብረት ወንበር አወረደ። ሰውየው ብረት በያጅ ነው። ወንበሩን ተሸክሞ በሴቶቹ ሁሉ መሀል አልፎ እፊቷ አቆመው።

«ቀለሙ አልደርቅ ብሎኝ ነው የዘገየሁት።»

ሹካ ሁሉ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«እህቴ ሰው ፊት ወንበር ተሰብሮባት ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ዓሣ ቤትም ልወስድሽ ብዬ ሄጄ ሞከርኩት። ሁሉም ጠባብ ነው፣ ጎን ይይዛል። አስተናጋጇም ሌላ የለንም አለችኝ። ይሄ አይሰበርም።»

«እኔ ወንበር ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«እንዳይሳቅብኝ ነው የፈራኸው ወይስ ሲሳቅብኝ አጠገቤ እንዳትገኝ?»

ጆሮዬን አቆምኩ። ውሸታም ቢሆን ስላንቺ ብዬ ይላት ነበር።

«ሁለቱንም» አለ። ድምፁ ወረደ። «መኪናዋንም ለዚያ ነው ከጓሮ የማቆማት።»

ላቶንያ አንዱን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ሳበችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ግቢው ሁሉ ሲያዳምጥ ቆየ። ወንበሩ ቻለ።

«ይሄ ቢሰበር ተነስቼ ሌላ አምጡ እላለሁ» አለችው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩት ገላ ነው። በል፣ አንተ እዚያ ላይ ተቀመጥ። ሰው ይይህ።»

ተቀመጠ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ወንበር ላይ እግሩን ገጥሞ፣ ቅጣት እንደተፈረደበት ልጅ። ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ይንሾካሾካል። አልተነሳም።

«እማማ ኢውላ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለኝ በመጨረሻ፣ ማምለጫ ሲያጣ።

«ለእኔ ተዋት፤ ለእሷ ዶሮ አምጣላት።»

ብድግ ሲል የሱሪው መቀመጫ አረንጓዴ ሆኗል። መጀመሪያ የሳቀችው ላቶንያ ናት፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ኮርኔል ዞሮ አየው፣ ጆሮው ድረስ አፈረ። ወደ መኪናው ይሮጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እየተሳቀበት ግቢውን አቋርጦ ሄደ፤ ዶሮና የድንች ሰላጣ ሞልቶ ተመለሰና አጠገቧ ቁጭ አለ። በዚያው በአረንጓዴው ሱሪ።

አሁን መኪናውን መንገድ ላይ ያቆማል። ዓሣ ቤትም ሄደዋል፤ ወንበሩ ጠቧት፣ የለንም ቢሏትም ከጓዳ ሌላ አስመጣች አሉ።

ያ የብረት ወንበር በረንዳዬ ላይ ነው፤ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከዚያ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፣ መኪናዋ የት እንደምትቆም።