በሽንኩርት መሃል የተደበቀው ኦርኪድ

መምህር ሉን ሊወስዱት ሲመጡ ሚስቱ ሱዩን ሩዝ እያጠበች ነበር። ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩት ወጣቶች፣ ገሚሶቹ እሱ ራሱ ፊደል ያስቆጠራቸው ነበሩ፣ በግቢው የደረደራቸውን የኦርኪድ አበባ ማሰሮዎች አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጧቸው። ኦርኪድ ማሳደግ የአድሃሪ ቅንጦት ነው ተብሎ ነበር በዚያ የአብዮት ሰሞን። መምህሩ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣

«ሱዩን፣ ያችን ትንሿን የጎመን ማሰሮ አደራ» አላት።

አእምሮውን ነካው ብላ አሰበች። ሰው እየታሰረ ስለ ጎመን ይጨነቃል?

ማሰሮዋን የከፈተቻት ብርዱ ሊገባ ሲል ነው፤ በትልቁ ገንቦ በጨው ያቆየችው ጎመን ሲያልቅባት። የማሰሮዋ አፍ የታሰረበትን ስስ ጨርቅ ፈታ እጇን ስትሰድ ጣቶቿ እርጥብ አፈር ነኩ። የበሰበሰ ቅጠል ሽታ አፍንጫዋን መታው። ስባ ስታወጣው ኦርኪድ ሆኖ አገኘችው፤ ቅጠሎቹ ቢጫ ለብሰዋል፣ ግርጌው ጠቁሯል።

መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መቀርቀር ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያው ሰፈር አንድ ሽማግሌ የሐር ካባ ደብቆ ተገኝቶ፣ አንገቱ ላይ ሰሌዳ ሰቅለው በየድልድዩ ሲያዞሩት በዓይኗ አይታለች። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግኸኝ!» አለች በሹክሹክታ።

እነዚህን አበቦች እድሜዋን ሙሉ ስትጠላቸው ኖራለች። እሷ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን ሳይዳስስ የቅጠል አቧራ የሚጠርግ ባል ነበራት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ሰፈሩን በሚያቋርጠው ቦይ ውስጥ ልትጥለው ወሰነች። ቅርጫት ውስጥ ከታ፣ ልብስ ከላይ ደርባ ወደ ማጠቢያው ደረጃ ወረደች። እዚያ ግን የሰፈሩ ኮሚቴ ኃላፊ ጂን ከሚያጥቡት ሴቶች መሃል እጅጌዋን ሰብስባ ቁጭ ብላለች።

«ሱዩን! ይኼን ሁሉ ልብስ ለማን ነው የምታጥቢው? ብቻሽን አይደለሽ እንዴ?»

«የእሱን ነው እትዬ ጂን። እንዳይሻግት ብዬ።»

«ይሻግት ተዪው! ባለቤቱስ ሻግቶ የለ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ሱዩንም አብራ ሳቀች። ከላይ ያለችውን አንዲት ሸሚዝ ብቻ አጥባ ቅርጫቱን እንዳቀፈች ተመለሰች። ምድጃ ውስጥ እንዳትከተው ደግሞ፣ የእርጥብ ቅጠል ጭስ ሰፈሩን ሁሉ «ምን ይነዳል?» ሊያሰኝ ነው። ማኖሩም አስፈራት፤ መጣሉም አስፈራት።

በማግስቱ ድምፅ ማጉያው ነዋሪውን ሁሉ ወደ አደባባይ ጠራ። ሱዩን ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። ሰፈሩ ጭር ሲል ተክሉን አወጣችና መቀሷን እሳት ላይ አንገረገበች። ሉ ከአበቦቹ ጋር ብቻውን ሲያወራ ሳትወድ የሰማችው ሁሉ አሁን ትዝ አላት። «ሥሩን ተጫን። ጠንከር ካለ በሕይወት አለ፤ ከፈሰሰ የለም።» ተጫነች። አብዛኞቹ ሥሮች ድስት ውስጥ እንደከረመ ኑድል በጣቷ መሃል ፈሰሱ። የጠቆረውን እየቆረጠች ወደ ጤነኛው ስትደርስ ጥቂት ነጫጭ ሥሮች ለጣቷ አልበገር አሉ። ለምን እንዳለቀሰች አላወቀችም።

ይኼኔ በመንገዱ የእግር ኮቴ ተሰማ። ተክሉን በሽርጧ ሸፍና በደረቷ ተደፋችበት። ኮቴው በሯ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰውየው አክ ብሎ ተፋና መንገዱን ቀጠለ። እሱ ከሄደም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀና ለማለት አልደፈረችም።

ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ነሰነሰች፤ ሥሩ ሲታጠፍ እንዳይሰበር ለስለስ እስኪል ድረስም አልጋ ሥር ነፋስ እንዲመታው ተወችው። ኮረብታው ላይ ለማገዶ የጥድ ቅጠል ልትለቅም ስትወጣ ከጆንያዋ ሥር ልል የጫካ አፈር ይዛ ተመለሰች። ግን የት ታስቀምጠው? ኦርኪድ ብርሃን ካላገኘ አይድንም። በመጨረሻ ዓይኗ ደጃፏ ላይ ካለችው የእንጨት ሣጥን ላይ አረፈ፤ ቅጠሉን እየቆረጠች የምትበላውን ቀጭን ሽንኩርት የተከለችበት ነው። የዚህ ኦርኪድ ቅጠልም እንደ ሣር ቀጭን ነበር። ከመሃል ሽንኩርቱን ነቀለች፣ የተሰበረ ጡብና ከሰል ከታች ጣለች፣ ተክሉን አንገቱ ከአፈሩ በላይ እንዲሆን አድርጋ አቆመችው። ውሃም ወዲያው አላጠጣችውም፤ «ቁስለኛን አታጥምቁት» ይል ነበር ባሏ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ቢያየው ሽንኩርት ነው። ጎንበስ ብሎ ቢያየው ግን አይደለም።

ያን ብርድ ሁሉ እንቅልፍ አልነበራትም። አንድ ቀን ቢጫው መስፋፋቱን አቆመ፤ ቆይቶ አንዲት አረንጓዴ ጫፍ ከግርጌው ብቅ አለች። ደስ ሊላት ሲል ፈራች።

የፀደይ መባቻ ላይ ጂን ቅርጫትና መቀስ ይዛ መጣች።

«ልጄ ከጦር ሠራዊት ለእረፍት እየመጣልኝ ነው። ሽንኩርትሽ አምሯል፤ ትንሽ ልቁረጥ።»

«እኔ ልቁረጥልዎ እትዬ ጂን፣ ልብስዎ ይቆሽሻል።»

«ምን፣ እጅ የለኝም?»

ጂን ቁጢጥ ብላ በጭብጥ በጭብጥ መቁረጥ ጀመረች። መቀሱ ወደ መሃል ተጠጋ። ቅጭ። መቀሱ ያዘ። ጂን አንዱን ቅጠል ከጭብጧ መዝዛ በሁለት ጣት አሸችው።

«ይኼኛው ምነው ጠነከረ?»

«አርጅቶ ነው። ያረጀ ነገር ሁሉ ይጠነክራል።»

ጂን ቀና ብላ አየቻት፤ ረጅም አየቻት። ከዚያ ቅጠሉን ከሌላው ጋር ቅርጫቷ ውስጥ ጥላ ሄደች።

ሱዩን ወፍራም ካፖርቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ ሊወስዷት እስኪመጡ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ዳር፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ ጂን ጮክ ብላ፣

«ያንቺ ሽንኩርት ምን ጉድ ነው! አንዱን አኝኬ አኝኬ አልዋጥ አለኝ!» አለች።

ሁሉም ሳቁ። ሱዩንም አብራ ሳቀች። አውቃ ነው? ሳታውቅ ነው? ይህን እስከ መጨረሻው አላወቀችም። ጂን ግን ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ባማራት ቁጥር ሳትጠይቅ ትቆርጥ ጀመር።

ቤቷ ተመልሳ የኦርኪዱን ግርጌ ስትፈትሽ አንዲት እምቡጥ አየች። የዚህ አበባ ሽታ በር ተዘግቶ እንኳ መንደር ያዳርሳል። «የታመመ ተክል አያብብ፣ ጉልበቱን ይጨርሳል» ባሏ ይል የነበረውን አስታወሰችና ቀነጠበችው። ወዲያው ጎረቤት በሩን ገፋ። እምቡጡን አፏ ውስጥ ከተተችው፤ እያወራች አኝካ ዋጠችው። መረራት።

ሉ የተፈታው በዓመቱ ነው፤ ከስቶ፣ አንድ ጆሮው አልሰማ ብሎ። ሱዩን ወደ ሽንኩርቱ መራችው። ተንበርክኮ ቅጠሎቹን ሲዳስስ አንዱ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይኼን ማን ቆረጠው?»

«እትዬ ጂን በላችው» አለች በደህናው ጆሮው።

ሳቁ አመለጠው፤ ፈጥኖም አፉን በእጁ ከደነ።

በቀጣዩ ፀደይ አበባው እምቢ አላቸው፤ አንድ እምቡጥ በቅጠሎቹ መሃል ተደብቆ ሳያዩት ሊፈነዳ ደረሰ። ቀንጥበው ሊጥሉት ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁለቱም መለሱ። ተክሉን በአሮጌ ድስት ወደ ውስጥ አስገቡ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉ። ሱዩን ደጃፏ ላይ ምድጃ ለኩሳ፣ ሰፈሩ የሚያውቀውን የገማውን የአኩሪ አተር አይብ በዘይት መጥበስ ጀመረች። ሽታው አላፊ አግዳሚውን አፍንጫ ያስይዝ ነበር።

«ዛሬም እሱኑ?» አለች ጂን ስታልፍ።

«የእስር ቤት አምሮት ነው እትዬ፤ ሌላ አልበላም ብሎ አስቸገረኝ።»

ስትጨርስ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ሉ በጨለማው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከዘይትና ከአይብ በቀር ምንም አልሸተታትም።

«ምን ይላል ሽታው?» አለችው።

«ነገ እኔ ልጥበስ፣ አንቺ ተቀመጪ።»

«ወንድ ሲጠብስ ካዩ አይጠረጥሩም?»

«ይጠርጥሩ» አለ።

በማግስቱ እሱ ጠበሰ። ሱዩን አበባው አጠገብ ተቀመጠች፣ ጆሮዋ መንገዱ ላይ፣ ትንፋሿን ቀስ ብላ እየሳበች።