የጸጉር አስተካካዩ ምስክርነት

ጸጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ገመና ሲሸፍን የኖረ ሰው ነበር። የአንዱን ራሰ በራነት፣ የሌላውን ጠባሳ በዘዴ ሸፋፍኖ፣ መስተዋቱን ከኋላ ይዞ «ምንም አይታይም» ማለት ሙያውም ጠባዩም ነበር። ያን ቀን የታዘዘው ግን መግለጥን ነው።

ሙታን መነሣት ከጀመሩ ወዲህ ሕዝቡ «ተነሺዎቹ» ይላቸዋል። የነከሱት ሰው ውሎ ሳያድር እነሱኑ ይሆናል። ከከተማው የሚወጣው የመጨረሻው የጭነት መኪና ከሱቁ ፊት ቆሟል። የተሳፋሪውን ገላ ነርሷ በድንኳን ትመረምራለች፤ ጸጉር ግን ንክሻን ይሸሽጋልና፣ ጸጉር አስተካካዩ ጭንቅላቱን ላጭቶ «ንጹሕ ነው» ያላለውን ሰው መኪናውን የሚጠብቀው አሥር አለቃ አያሳፍርም። የጸጉር አስተካካዩ ሚስትና ሴት ልጅ ተላጭተው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ መኪናው ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ እኔ መላጣ ነኝ» አሉ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ እየተደላደሉ። «ቶንዶስህ ተንሸራቶ ይወድቃል እንጂ ምን ያገኛል?»

«ለደንቡ ነው፣ አባባ።»

«ደንብ! ምነው ተነሺዎቹም በወረፋ በመጡ!»

ወረፋው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

ከሁሉም በኋላ የተቀመጠው ግንበኛው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ድንጋይ እየጠረበ ያሳደገው እሱ ነው።

«ከኋላ በኩል ብዙ አትንካኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መስታወት ቆርጦኛል።»

ጸጉሩን ገለጥ አደረገ። የላይና የታች ጥርስ ረድፍ ከማጅራቱ በላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ዙሪያው ጠቁሮ እንደ ምድጃ ይግላል።

«ጋሼ…»

«የእናቴ ልጅ፣ ዓይንህን ጨፍንልኝ። ምናልባት እኔን አይዘኝ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ብቻ ልድረስ።»

ጸጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን አቆመ። ያሳደገውን ሰው በገዛ አፉ ለሞት መስጠት ከበደው፤ ርኅራኄ ከእውነት ስትለይ የጭካኔ እኅት እንደምትሆን ያን ጊዜ አላሰበም። ቁስሉ ላይ ያለውን ጸጉር ትቶ ሌላውን ላጨ፤ ቆቡንም ራሱ ደፋለት።

«እህስ?» አለ አሥር አለቃው ከበሩ።

«ንጹሕ ነው።»

አሥር አለቃው ቀና ብሎም አላየ። ያ ቃል ከጠዋት ጀምሮ አልዋሸውም ነበር።

ግንበኛው ተሳፍሮ ከወንድሙ ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ትከሻው ላይ ደገፍ አለች።

«አጎቴ፣ ምነው እንዲህ ጋልክ? አሞሃል እንዴ?»

ጸጉር አስተካካዩ ይህን ከሱቁ ደጃፍ ሰማ። በሹክሹክታ የገባው ውሸት በጩኸት ካልሆነ አልወጣም።

«አውርዱት! ተነክሷል!» ሲል ጮኸ።

መኪናው ታመሰ። ግንበኛውን ገፍትረው አወረዱት። አሥር አለቃው ጠመንጃውን አነሣ፤ ነገር ግን የጥይት ድምፅ ተነሺዎቹን ይጠራልና አልተኮሰም።

«አሁን ንጹሕ ነው አላልክም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ሌላስ ማንን አሳለፍክ?»

ሌላ ማንንም አላሳለፈም፤ ግን ማን ይመነው? በመንገዱ ጫፍ ተነሺዎቹ እግራቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ። ሚስቱ ሻሿን ገፍፋ የተላጨ ራሷን ለጎረቤቷ ሰጠች።

«አንቺ እይኝ። የእሱን ዓይን አልፈልግም።»

ሁሉም እንደ እሷ እርስ በርሱ ይፈታተሽ ጀመር።

«ምነው ወንበሩ ላይ ሳለሁ እምቢ ብትለኝ?» አለ ግንበኛው ከታች ቆሞ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያም ባሰ። «በጓሮ በር ወጥቼ እሄድ ነበር። ተስፋ ሰጥተኸኝ በልጅህ ፊት አዋረድከኝ።»

«አንተ አይደለህ ጨፍን ያልከኝ!»

«እኔማ ፈራሁ። ምስክሩ ግን አንተ ነበርክ።»

ፍተሻው አለቀ። ሌላ የተነከሰ አልተገኘም። ጸጉር አስተካካዩ ሊሳፈር እጁን ሲዘረጋ አሥር አለቃው ደረቱን ያዘው።

«አንተንስ ማን አየህ?»

«እኔ እላጨዋለሁ!» አለች ሚስቱ።

«ሚስቱ ነሽ። የዘመድ ምስክርነት ለዛሬ ይበቃናል። ሹፌር፣ ንዳው!»

ልጅቷ «አባዬ!» እያለች ልትዘል ስትል እናቷ በሁለት እጇ ጠፍራ ያዘቻት። የሚስቱ ፊት ዞሮ ነበር፤ ከቁጣ ይሁን ከኀዘን አላወቀም።

«ሱቁ ግባ፣ ላሜራውን ዝጋ» አለው ግንበኛው።

«አብረን…»

«ግባ አልኩህ! ታላቅህ ነኝ።»

ገባ፤ የላሜራውን በር ቁልቁል ሳበው። ወንድሙ ጀርባውን ከውጭ ሲያስደግፍ ብረቱ ተንቋቋ። ተነሺዎቹ የራሳቸውን ወገን አይነኩምና፣ አሸትተውት ሲያልፉ እግራቸው ይሰማል።

«መኪናው በድልድዩ በኩል ዞሮ ነው የሚወጣ» አለ ግንበኛው በቀስታ። «አንተ በጓሮ ወጥተህ ወንዙን አቋርጥ፤ ትቀድመዋለህ። መጀመሪያ ራስህን ተላጭ፤ ስትደርስ ዘመድ ያልሆነ ሰው አይቶ እንዲመሰክርልህ።»

ጸጉር አስተካካዩ በመስተዋቱ ፊት ራሱን ላጨ። ከውጭ የሚሰማው ቃል እየተጎተተ፣ እየተቆራረጠ ሄደ።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?»



«አይደለሁም» አለ ወንድሙ። «አሁን ሂድ።»

ጥፍር ላሜራውን ሲቧጥጠው፣ ጸጉር አስተካካዩ የጓሮውን በር ከፍቶ ወደ ወንዙ ሮጠ።