ከግድግዳው ማዶ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ መቀሴ እጄ ላይ ይዛግ። በጎረቤቴ ልቅሶ ላይ ለተቀመጡት ለቀስተኞችም የጀመርኩት በዚሁ መሐላ ነው።

ሟቹ ጫማ ሰሪ፣ እኔ ልብስ ሰፊ፤ ሱቆቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ የምንተኛውም እዚያው ከየሱቃችን ጓዳ ነው። ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ጊዜ እኔ ዓይኔን እንኳ አላሸሁም፤ እሱ ግን ሆደ ቡቡ ስለሆነ ሐዘኔን ወስዶ ታመመበት። ከሰው ራቀ፣ እንቅልፍ አጣ። ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዓይን አፋር በመሆኑ ሐኪሙ የሚጠይቀው እኔን ነበር፤ ክኒኑንም እንዲለምደው ፊቱ ቆሜ እኔ እውጥለት ነበር።

አንዲት እናት «እንዲህ ያለ ወዳጅ ማን አለው?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ይሄኔ ልቤ ሞቅ አለ። ሐኪሙ ብቻውን አትተወው ስላለኝ፣ ማለዳ ማለዳ እሱ በመዶሻው ግድግዳውን ሲያንኳኳ እኔ በመቀሴ እጀታ እመልስለት እንደነበር አወራሁ። ትኩሳት ቢጥለኝ፣ ጎርፍ አልጋዬን ቢያንሳፍፈው መልሼለታለሁ። ሐኪሙ ራሱ ካንተ ወዲያ መድኃኒት የለም ብሎኛል።

ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ከተቀበረም በኋላ አልተወኝም። ትናንት ማለዳ አንኳኳ። ዛሬም። መዶሻው ያው፣ አመታቱ ያው።»

ስኒ የያዙ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ትናንት እጄ በልማድ መልሶለት ነበር፤ ሦስት ሌባ በአንድ ጥፊ የጣልኩ ሰው፣ ዛሬ ማለዳ ግን ብርድ ልብሴን እስከ ግንባሬ ስቤ ትንፋሼን ዋጥኩ።

የሟቹ ልጅ ትሪ ይዛ ታስተናግድ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣» አለች በቀስታ፣ «አባቴ እኮ እስከዚያች እስከወደቀባት ቀን ድረስ ታሞ አያውቅም።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክኒኑም የእርስዎ ነበር። አባቴ አንኳኩቶ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። እርስዎ ሳይመልሱ እህል አይቀምስም። ሊሞት ሲል እንኳ ‹ጎረቤታችን ሳይንኳኳለት እንዳይነጋ› ነው ያለኝ።»

«ታዲያ… ትናንት?»

«እኔ ነኝ። ዛሬም እኔ ነኝ።» ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ዛሬ ግን አልመለሱልኝም። እስካሁን ቁርስ አልቀመስኩም።»

ጣቴን አጥፌ የተቀመጥኩበትን አግዳሚ አንኳኳሁ።

ልጅቱ ከትሪው ላይ ቁራሽ ዳቦ አነሳች።