የፈትለወርቅ ቢጫ ኩባያ

ቀረብ በሉ፣ ቀረብ፣ ማንም እንዳይተነፍስ፣ ገላው አንተም አፍህን ዝጋ፣ የማኅበሩ ሙሴ ነኝ ብለህ ሁልጊዜ አንተ ብቻ አታወራም፣ ዛሬ የወሬ ተረኛው አምሃ ነው፣ እላለሁ፣ ገና በሩ ላይ ቆሜ እላለሁ፣ ይሄ ታክሲ ካደረሰኝ፣ ከሾላ ተነስቶ የፈረንሳይን ዳገት እንደ እርጉዝ አህያ እያቃሰተ ነው፣ ንዳው እንጂ ወንድሜ! ረዳቱ ዞሮ ያየኛል፣ ጮክ ብዬ ነው እንዴ ያልኩት?

የለም። ከደምህ ውስጥ ጠፍቷል አለችኝ ዶክተሯ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል ስባረር እሱ የፈረንጅ ፊደል ቆጥሮ ጉበቴ ውስጥ ገባ፣ ክኒኑን ጨረስኩ፣ ደሜ ታየ፣ የለም! እስክስታ ልወርድ ነው እዚሁ፣ ይቀመጡ አባቴ ይለኛል ረዳቱ፣ አባትህ ይቀመጥ!

መጀመሪያ ስለ ምላጩ። ያ እንጦጦ ላይ ዋግምት የሚያወጣው ሰውዬ የእኔንም የእህቴን የፈትለወርቅንም ጀርባ በአንድ ምላጭ በጥቶ ነው፣ በደም ነው የገባብን፣ በኩባያ አይተላለፍም፣ ሰምታችኋል? እሷ ቀድማ አወቀች፣ ባወቀች ማግስት ለማኅበሩ ተናገረች፣ አንቺ ሴትዮ አብደሻል ወይ ብላት፣ እነሱም እዚያው ምላጭ ስር ተኝተዋል፣ ይመረመሩ እንጂ፣ አለችኝ፣ የሴት ሆድ ምስጢር አይችልም ብዬ ስቄባታለሁ፣ ስቄ ስቄ ሄጄ ተመረመርኩ፣ አለብህ አሉኝ።

ከዚያስ? ጽዋው ሲዞር ይመጣል ይመጣል፣ እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላል፣ ለእሷ ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ፣ በር ጥግ ለብቻው የሚደፋ፣ ከእኔ ቀድማ ድናም ያው ኩባያ፣ ጎረቤቷ አስካለች ደግሞ ባሏ እንዴት አልፈታትም ትላለች፣ እሷ እየሰማች።

እኔስ? በሽታዬን ደብቄ፣ ጠላ ሲቀዱልኝ፣ ተዉኝ፣ የኪዳነ ምሕረት ጸበል ጀምሬያለሁ፣ ስእለት አለብኝ፣ አለቀ፣ አባ አምሃ አሉኝ፣ ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ በሽታ፣ እኔ መናኝ፣ እሷ ፕላስቲክ፣ ሃ! አያስቅም። ትንሽ ያስቃል። ምን ላድርግ፣ ወንድ ልጅ ጉበቴን አመመኝ ካለ ሰካራም ነው የሚባለው፣ ሰካራም ደግሞ ማን ሥራ ይሰጠዋል፣ ማን ይፈራዋል።

ዛሬ ግን እነግራቸዋለሁ፣ ያንን ኩባያ በጫማዬ ጨፍልቄ ቆሻሻ ላይ ነው የምወረውረው፣ ፈትልዬ ታለቅሳለች፣ ወንድሜ ጋሻዬ ትለኛለች፣ ወራጅ አለ!

በሩ። ሞልተዋል። እሷ ጥጓ ላይ ናት፣ ቢጫዋን ይዛ፣ ቀረብ በሉ፣ ዝም በሉ፣ ገላው አፍህን፣ እላለሁ፣ ሁሉንም እዘረግፈዋለሁ፣ ምላጩን፣ ክኒኑን፣ የውሸት ጸበሉን፣ አሁን ያባርሩኛል፣ አሁን አስካለች አፍንጫዋን ትይዛለች፣ ገላው ይነሳል፣ ኧረ ወንድ! ወንድ ማለት እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ነው፣ ጀግና! ይላል፣ አስካለች ናት እልል የምትለው፣ አስካለች! ጽዋውን ሞልተው ለእኔ፣ መጀመሪያ ለእኔ፣ እቀበላለሁ፣ ጥርሴ አልከደን ብሏል፣ ወደ አፌ ሳስጠጋ አንድ እጅ ይይዘኛል፣ ፈትለወርቅ፣ አታለቅስም፣ ጽዋውን ትነጥቀኝና ቢጫውን ታስጨብጠኛለች፣

ጀግና ከሆነ በዚህ ይጠጣ።